ሐረጎ ላይ የከዳው ሞዞ

ደሴ ውስጥ ብስክሌት እጠግናለሁ። ሱቃችን ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ሞርሳ አለን፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በሽቦ ታስረው የተንጠለጠሉ አሮጌ ሞዞዎች አሉ። የምጽፈው ስለ እነሱ ነው። ሞዞ ማለት ለማያውቀው የቸርኬው እምብርት ነው። ሽቦዎቹ ሁሉ እሱ ላይ ይሰካሉ፣ ፔርኖው፣ ማለት ዘንጉ፣ በመሃሉ ያልፋል፣ የኋላው ከሆነ ደግሞ ካቴናው የሚጎትተው ጥርሳም ክብ፣ እኛ በደፈናው «ጥርስ» የምንለው፣ እሱ ላይ ይቀመጣል። ሰው ብስክሌት ሲገዛ ፍሬሙን ያያል፣ ጎማውን ጫን ጫን ያደርጋል፣ ፍሬኑን ይሞክራል። ሞዞውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ በሙያው የምተዳደረው ሰውዬ አንድ ጊዜ በደንብ ሳላየው ቀረሁና አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው በሐረጎ ዳገት ላይ ወደቀ።

ልጁ የሚኖረው ደሴ ነው፣ የሚሠራው ኮምቦልቻ። ጠዋት በብስክሌት ይወርዳል። ማታ ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ይመለሳል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ግን እየነዳ ይወጣል። መንገዱን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መሃል ላይ ሐረጎ አለ፣ ጠመዝማዛው፣ ጉሙ፣ ከኋላ የሚያጓራው የጭነት መኪና። እዚያ ዳገት ላይ ፔዳል መርገጥ ቀልድ አይደለም።

የመጣው የኋላ ማርሽ ቀያሪው ሽቦ ውስጥ ገብቶ ተሰባብሮበት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ። «ወንድሜ፣ በቃ ማርሽ አልፈልግም» አለኝ። «አንድ ጥርስ ብቻ አድርግልኝ። የሚሰበር ነገር ይቀንስልኝ።» ትክክል ነው ብዬ አሰብኩ፣ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። ፊት 32 ጥርስ፣ ኋላ 20፣ በ26 ቁጥር ጎማ። ጠንካራ እግር ላለው ልጅ ይሆናል። አሮጌው የኋላ ሞዞ ውስጡ ተቦርቡሮ ስለነበር ሌላ መምረጥ ነበረብኝ።

ግድግዳው ላይ ካሉት ለፍሬሙ የሚሆኑት ሁለት ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሞዞ ከመምረጣችሁ በፊት ሜትር አውጥታችሁ የኋላው ቸርኬ የሚገባባቸውን የፍሬሙን ሁለት ጫፎች ውስጥ ለውስጥ ለኩ። የድሮ የተራራ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ 135 ሚሊ ሜትር ነው። አዳዲሶቹ 142 እና 148 አላቸው፣ ፔርኗቸውም ወፍራም ነው፣ 12 ሚሊ ሜትር። ይሄ ካልገጠመ ሌላው ወሬ ሁሉ ከንቱ ነው። የልጁ 135 ነበር፣ ሁለቱም ሞዞዎች ይገቡለታል።

አንደኛው ከውጭ ከገባ ያገለገለ ብስክሌት የተነቀለ ነው። ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ኩሽኔታው የታሸገ፣ ጥርሶች የሚደረደሩበት ቦዲው አሉሚኒየም። ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ድሮ ባለ 7 ማርሽ ላይ የነበረ፣ ፍሪዊሉ፣ ማለት ጥርሶቹና ጠቅ ጠቅ የሚለው ክፍል አንድ ላይ ሆነው፣ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝበት ዓይነት። ይህን ዓይነቱን ብዙ ጊዜ አልወደውም ነበር፣ ምክንያቱም የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሬሙ በጣም ይርቅና ፔርኖው ይጎብጣል። ስንቱን የጎበጠ ፔርኖ አውጥቻለሁ።

ሁለቱንም ፔርኗቸውን ይዤ በጣቴ አዞርኳቸው። ከባዱ ሁለት ሦስት ዙር ዞሮ ቆመ። አሉሚኒየሙ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። እሱን መረጥኩ።

ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት፣ በር ላይ ተቀምጠው ከመነዳሪ እየለጠፉ ነበር። ቀና ብለው «ልጁ ዳገት ሲወጣ ቆሞ ነው ተቀምጦ?» አሉኝ።

«አልጠየቅኩትም ጋሼ።»

«ጠይቀው እንጂ።»

ልጁ ሄዷል። ማታ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ማታ ሲመጣ ግን ቸርኬው አልቆ ስለነበር አልጠየቅኩትም።

ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሠራሁት፣ ይህን የምለው ራሴን ለማዳን አይደለም። ከአሮጌ የማርሽ ስብስብ አንድ ባለ 20 ጥርስ ፈታሁ። ከግራና ከቀኝ የሚደግፉትን ቀለበቶች ከውሃ ፒቪሲ ቧንቧ በመጋዝ ቆርጬ አስተካከልኩ። ጥርሱ ከፊተኛው ጋር በቀጥታ መስመር እንዲሆን ሦስቴ አፍርሼ ሠራሁት። ቦዲውንም ከፍቼ አጠብኩና ውስጡን በመኪና ግራሶ ጥግብ አድርጌ ሞላሁት። እንዳይበላ ብዬ።

ልጁ ደስ ብሎት ሄደ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፣ ሁለቱንም ጊዜ የግራ ሽቦዎች ላልተውበት። አጠበቅኩለትና ላክሁት። ለምን የግራው ብቻ ይላላል ብዬ መቆም ነበረብኝ፣ አልቆምኩም።

ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ መዳፉ ተልጧል። ሐረጎ ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ ዳገቱ በጣም ሲጠናበት ከመቀመጫው ተነስቶ ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ጣለ። ፔዳሉ ከስሩ ባዶ ሆኖ ሄደ። ካቴናው አልተበጠሰም፣ ጥርሱ አልዘለለም፣ ሞዞው ነው ያልያዘው። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጭቶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ወደቀ። ከኋላው መኪና አልነበረም። አልነበረም። ይህን ሲነግረኝ እጄ ላይ የነበረውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

በዚያው ምሽት አምፖሉን ዝቅ አድርገን ከጋሼ ጋር ፈታነው።

መጀመሪያ ጥርሱ አልወጣ አለ። በእጅ ሸርተት ብሎ መውጣት የነበረበት ነገር በጠፍጣፋ ብረትና በመዶሻ ቀስ እያልን ገፋነው። ሲወጣ ቦዲው ላይ ጥርሱን ይዘው የሚያዞሩት ዘጠኙም ከፍ ያሉ መስመሮች ተበልተዋል። በቢላ የተቆረጡ ይመስላሉ። ጥፍሬን አስገባሁበት፣ ገባ።

ሒሳቡን ኋላ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። 75 ኪሎ ሰው በአንድ እግሩ ፔዳል ላይ ሲቆም፣ የፔዳሉ ክንድ 170 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ32 ጥርስ ግማሽ ስፋት ደግሞ 65 ገደማ። ስለዚህ ካቴናው የሚጎተተው በ200 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ጉልበት በ20 ጥርሱ በኩል አልፎ ቦዲው ላይ ሲደርስ፣ ቦዲው ቀጭን ስለሆነ፣ ከ450 ኪሎ ይበልጣል። ያንን ሁሉ የሚቀበለው ምንድን ነው? 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የማርሽ ጥርስ፣ ለስላሳ አሉሚኒየም ላይ። ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌት ላይ ትልልቆቹ ጥርሶች ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚቀመጡ ጫናውን ይካፈሉታል። እዚህ ግን አንዱ ብቻውን ነው፣ ነጂውም ቀላል ማርሽ ስለሌለው ዳገት በመጣ ቁጥር ቆሞ ነው የሚረግጠው። ቦዲው ብረት ቢሆን፣ ወይም ጥርሱ ለአንድ ማርሽ ተብሎ የተሠራ እግሩ ሰፊ ቢሆን እንዲህ አይበላም ነበር።

ግን ልጁን የጣለው ይህ አልነበረም። ቦዲው ውስጥ እንደ ምላስ ያሉ ሦስት ትንንሽ ብረቶች አሉ። ወደፊት ስትረግጥ በስፕሪንግ ተነስተው ይነክሳሉ፣ ስታቆም ይተኛሉ፣ ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ የእነሱ ነው። አንዷን በካቻቢቴ ጫፍ ተጫንኳትና ለቀቅኋት። ተኝታ ቀረች። ሁለተኛዋንም ተጫንኩ። በቀስታ፣ በጣም በቀስታ ተነሳች። የእኔ ግራሶ ነው። በብርድ ረግቶ እንደ ሙጫ ይዟቸዋል። በፍቅር የሞላሁት ግራሶ። እዚያ ቦታ ላይ የሚገባው ቀጭን ዘይት ወይም ስስ ግራሶ በትንሹ ነው፣ ያውም ደሴን በመሰለ ብርድ አገር።

የግራው ሽቦ ለምን ይላላል ለሚለውም መልስ አገኘን። ቦዲው ረጅም ነው፣ ስምንት ዘጠኝ ጥርስ እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ የሞዞውን የቀኝ ክንፍ፣ ማለት ሽቦዎቹ የሚሰኩበትን ጠርዝ፣ ወደ መሃል ገፍቶታል። ለካሁት። ከመሃል እስከ ቀኝ ክንፍ 21 ሚሊ ሜትር፣ እስከ ግራ 34። እንዲህ ሲሆን ቸርኬው መሃል ላይ እንዲቆም የቀኙ ሽቦ በጣም ይወጠራል፣ የግራው ግን የቀኙን 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚወጠረው። ለምንድን ነው ይህን የተሸከምነው? ለማርሽ ቦታ። ማርሹ ግን የለም። አንድ ጥርስ ለመስቀል ብለን ለዘጠኝ ጥርስ የሚሆን ቦታ ከፒቪሲ ጋር ስናመላልስ ነበር።

ጋሼ ምንም አላሉኝም። ተነስተው ከግድግዳው ላይ ያንን ከባዱን ሞዞ አወረዱት። እኔ «ጋሼ፣ ፔርኖው ይጎብጣል እኮ» አልኩ።

«ባለ ሰባት ማርሽ ሲሸከም ነዋ» አሉኝ።

ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስንት ዓመት ሠርቼ አስቤው አላውቅም። ፔርኖው ላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ራንዴላዎች አወጡ። ለሰባት ማርሽ ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ባለ አንድ ጥርስ ፍሪዊል ያን ያህል ቦታ አያስፈልገውም። 7 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን አንስተው በግራ በኩል አስገቡት። በቃ። ጠቅላላው ስፋት 135 እንደሆነ ቀረ፣ ሞዞው ግን ወደ ቀኝ ሸሸ። የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ፍሬሙ ተጠጋ፣ ስለዚህ ፔርኖው የሚጎብጥበት ምክንያት ቀነሰ። ሁለቱ ክንፎች ከመሃል ሲለኩ ልዩነታቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። በፍጥነት በሚፈታው ቀጭን ዘንግ ፈንታ ሙሉ የብረት ፔርኖ በሁለት ዳዶ አስገባን።

ባለ 20 ጥርስ ፍሪዊሉን አዲስ ገዛን፣ ሙሉ ብረት። ከመጥመዘዜ በፊት የሚጠመዘዝበትን ቦታ ግራሶ ቀባሁ፣ እዚህ ላይ ግራሶ በደንብ ይገባል። ይህ ዓይነቱ ፍሪዊል በተረገጠ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ስለሚሄድ፣ ደረቁን ከገባ አንድ ቀን ስትፈቱት ታለቅሳላችሁ። መፍቻውን ሞርሳ ላይ አስራችሁ ቸርኬውን ራሱን እንደ መኪና መሪ ይዛችሁ በሁለት እጅ ነው የምታዞሩት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰው ሆናችሁ።

ለአንድ ማርሽ ተብሎ ከመጀመሪያው የተሠራ ሞዞ አለ፣ ቦዲው አጭር፣ ክንፎቹ የተራራቁ፣ ሁሉም ነገር በቦታው። ገንዘቡና የሚያመጣለት ሰው ያለው እሱን ይግዛ፣ ቦዲው ብረት መሆኑን ግን ይጠይቅ። ብዙ ጠቅታ ያለውን የሚመርጡም አሉ፣ ምክንያታቸው ትክክል ነው፣ በአንድ ዙር 36 ጠቅታ ያለው ሞዞ 10 ዲግሪ ሳይዞር ይነክሳል፣ 18 ያለው 20 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ላይ በግማሽ ፔዳል ስትወጡ ይሰማችኋል። እኔ ግን ለደሴ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው የሚይዝ ነገር ነው።

ልጁ በነጋታው ሲመጣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ግራሶውንም፣ ጥርሱንም፣ ያልጠየቅኩትንም ጥያቄ። የሞዞውንም የጉልበትም ዋጋ አልተቀበልነውም። እሱ ጉልበቱን እያሻሸ «አብሽር፣ ወንድምዓለም» አለኝ። ከዚያ ጠየቅኩት።

«ዳገት ስትወጣ ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«ሐረጎን? ተቀምጦ ማን ወጥቶት ያውቃል!»

ከአራት ወር በኋላ የፍሬን ጎማ ሊያስቀይር መጣ። ቸርኬውን ገልብጬ የቀኙን ሽቦ በጥፍሬ መታሁት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። የግራውን መታሁት። ያው ድምፅ ነው። ጋሼ ከበሩ ሆነው ይሰሙ ነበር፣ «ሌላውንም ንካው» አሉኝ፣ አንድ በአንድ ዙሪያውን ሁሉ ነካሁት።