ልጄ ተናዘዘች

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅኩ ሳለ፣ ልጄ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «አባዬ፣ ኑዛዜዬን እየጻፍኩ ነው፤ ሰኞ ማስረከብ አለብኝ» አለችኝ። ዕድሜዋ 18 ነው። አንዱን ጫማ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ጥፋቱ የእኔው ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በምንኖርበት አፓርታማ ውስጥ «ከበሩ ወዲህ አማርኛ ብቻ» የሚል ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እርሷም ሕጉን አክብራ የእንግሊዝኛውን ቃል ፍቺ ከመዝገበ ቃላት ፈልጋ አመጣችው። ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ኑዛዜ ሲባል ቄስና የበሽተኛ አልጋ አብረው ይመጣሉ።

በዚያ ላይ ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ደብረ ብርሃን ካሉት እናቷ ጋር የስልኩን ድምፅ ለቅቃ ታወራ ነበር።

«ማነው የሚናዘዘው?» አሉ አማቴ።

ማንም ሳይመልስ «እመቤቴ ድረሽልኝ! ልጅቷን ምን አግኝቷት ነው የደበቃችሁኝ?» ብለው ስልኩን ዘጉት። መልሰን እስክናገኛቸው ድረስ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን ተስለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 12ኛ ክፍል የሚጨርሱ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ የመጨረሻ እትም ላይ የቀልድ ኑዛዜ ያወጣሉ። ልማዱ አሮጌ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት በታተሙ የተማሪዎች የዓመት መጻሕፍት ውስጥ እንኳ «የክፍሉ ኑዛዜ» ከ«ክፍሉ ትንቢት» ጎን ለጎን ይገኛል። አጻጻፉ የጠበቃ ነው፤ «እኔ እገሌ፣ አእምሮዬ ጤናማ ሆኖ» ብሎ ይጀምርና የሚወረሰው ግን ያረጀ ካልሲ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች፣ በቀልድ ስም የቆየ ቂም የሚወጡ ልጆች ስለበዙባቸው፣ ጨርሰው አስቀርተውታል።

እኛ በ1989 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ስንጨርስ ኦቶግራፍ ነበር የምናዞረው። የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ቀለም፣ የሕይወት ፍልስፍናህ። ከምግቡ ዶሮ ወጥ፣ ከፍልስፍናው «ሰው መሆን» ብለን የማንጽፍ አልነበርንም። ማትሪክ አናታችን ላይ ቆሞ ማን ይቀልዳል?

አማቴ ሲረጋጉ ወደ ሕጉ ዞሩ። የራሳቸውን ኑዛዜ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስላጻፉ ያውቃሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። «ምስክሮቿ እነማን ናቸው?» አሉ። ሦስታችን አለን፤ እኔ፣ እናቷና የ14 ዓመቱ ወንድሟ። አራተኛዋ ለቡና እርሳቸው ቤት የመጡት ጎረቤት ሆኑ። ልጄም ቆማ፣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች።

«እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ጤናማ በሚመስል አእምሮዬ፦ ለሩጫ ቡድኑ ታናናሾቼ ሦስት ዓመት ያልታጠበ ጫማዬን። ለሒሳብ መምህሬ ስፈልጋቸው ኖሬ ያላገኘኋቸውን ኤክሶች በሙሉ። በእርግጫ ብቻ የሚከፈተውን ሎከሬን ለሚቀጥለው ባለ እርግጫ።»

ከዛፍ ሥር ያለውን የመኪና ማቆሚያ ቦታዋን ለጓደኛዋ ስታወርስ አላስቻለኝም። ዋሽንግተን መሐል ከተማ መኪና በማስቆም ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቦታ ይከራያል እንጂ አይወረስም፤ ደግሞም ዛፍ ሥር ማለት ወፍ ሥር ማለት ነው። «ምስክር ዝም ይበል» አሉ አማቴ ከደብረ ብርሃን።

«ለእናቴ ስለ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የላከችልኝን፣ ከፍቼ ያላየኋቸውን መልእክቶች እመልሳለሁ። ለአባቴ፣ ከመቶ 98 ባመጣሁ ቁጥር ‹የት ሄዱ?› እያለ ሲፈልጋቸው የኖረውን ሁለት ነጥቦች።»

ጎረቤትየዋ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እኔንስ ማን ፈተነኝና ነው እንዲህ የምጠይቃት ብዬም አሰብኩ።

«ለወንድሜ የቤታችንን አስተርጓሚነት ከነሙሉ ሥልጣኑ። ከዛሬ ጀምሮ የመድን ድርጅቱ ሲደውል እናታችን አንተ ነህ። ድምፅህን ቀጠን አድርግ፤ የልደት ቀኗን በቃልህ ያዝ። ሰዎቹ ያሉትን ሳይሆን አባዬ ሊሰማ የሚችለውን ተርጉምለት።»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የቤት ኪራይ ዘግይቶብን ወደ አከራዩ ቢሮ ይዣት ሄጄ ነበር። እግሯ ከወንበሩ ላይ ወለሉን አይነካም። ሰውየው አንድ ወረቀት በጣቱ እየመታ ረዘም አድርጎ ተናገረ። እርሷ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ እስከ ዓርብ እንድትከፍል ይለምንሃል» አለችኝ። እኔም ደግ ሰው መስሎኝ ሁለት ጊዜ እጅ ነስቼው ወጣሁ። ወረቀቱን ዓመታት ቆይቶ ሰነድ ሳገላብጥ አገኘሁት። እንግሊዝኛዬ ያን ጊዜ ተሻሽሏል። ልመና የሚባል ነገር የለበትም፤ እስከ ዓርብ ካልከፈልን ፍርድ ቤት እንደሚከሰንና እንደሚያስወጣን ነው የሚለው። እስከዚያ ዓርብ ድረስ እርሷ ምን ብላ ታድር እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም።

«ያን ደብዳቤ አገኘሁት እኮ» አልኳት ሁሉም ሲበታተን።

«የትኛውን?» አለችኝ። ብዙ ናቸው ማለት ነው።

አማቴ ግን ገና አልጨረሱም። «ለእኔስ?» አሉ። ጽሑፉ ላይ የእርሳቸው ስም የለም። ልጄ ደንግጣ፣ ወዲያው አስባ፣ የምርቃት ቆቧን ከነመርገፉ በቃል ተናዘዘችላቸው። ሰኔ ላይ ተመረቀች፤ ሐምሌ ላይ ቆቡ በመንገደኛ ደብረ ብርሃን ደረሰ። አሁን ሳሎን ውስጥ ከሥዕለ ማርያም ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ለጠየቃቸው ሁሉ «ውርሴ ነው» ይላሉ አሉ፤ ሰው ልጅቷ የሞተች እየመሰለው ይደነግጣል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አደረስናት። ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ባለቤቴ ግን መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። በሳምንቱ የመድን ድርጅቱ ደወለ። እናትየው ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለልጁ አቀበለችው። ተነሥቶ ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። ድምፁ በዚያ ክረምት ጎርንኖ ነበርና ቀጠን ላድርገው ሲል መሐል ላይ ተሰነጠቀበት። ቢሆንም የእናቱን ሙሉ ስምና የልደት ቀን አንድም ሳይስት ተናገረ።

በወዲያኛው በኩል ያለችው ሴት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች።

«እመቤቴ፣ ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?»

«አዎ፣ በጣም» አላት።