ድምፁን አጥፍቶ የጦርነት ፊልም ማየት

ቻይና ከጃፓን ወራሪ ጋር ስትዋጋ የተሠሩ ዘጋቢ ፊልሞችን ማየት ከጀመርኩ ሰነበትኩ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻዬ የአሜሪካ ጦር ያሠራው፣ ፍራንክ ካፕራና አናቶል ሊትቫክ በ1944 ያዘጋጁት «የቻይና ውጊያ» ነው። «ለምን እንዋጋለን» ከተባሉት ሰባት ፊልሞች ስድስተኛው ነው። በመጀመሪያው ፊልም ላይ እኛም አለንበት፤ ከማንቹሪያ ወረራ ቀጥሎ የኢትዮጵያ ወረራ ይመጣል።

አሁን አንድ ዘዴ ይዣለሁ። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ፣ ከዚያ በድምፅ እደግመዋለሁ። ለምሳሌ የበርማን መንገድ ውሰዱ። ከላሺዮ እስከ ኩንሚንግ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ተራራ ለተራራ የሚጠማዘዝ። የአጋሮቹ መሣሪያና ነዳጅ ወደ ቻይና የሚገባው በዚያ ነበር። ወደ 200,000 ሰው በእጁ ነው የሠራው። ፊልሙ ላይ የሞተር ሮሎ የለም። ከድንጋይ የተጠረበ ግዙፍ ሮሎ አለ፣ የሰው መዓት በገመድ ይጎትተዋል። በድምፅ ስታዩት ጀግንነት ነው። ያለ ድምፅ ግን እግራቸውን ታያላችሁ። ቁልቁለት ላይ ያ ድንጋይ ቢያመልጣቸውስ? ማን አዘዛቸው? ምን በልተው ነው?

ሁለተኛው ልምምዴ ቀረጻው የማን እንደሆነ ማጣራት ነው። የካፕራ ፊልም ከየቦታው የተለቃቀመ ነውና። ሻንጋይ ውስጥ በቦምብ በፈራረሰው የባቡር ጣቢያ ብቻውን የሚያለቅሰው ሕፃን የዜና ፊልም ቀራጩ የኤች ኤስ ዎንግ ሥራ ነው፤ ነሐሴ 1937 የተቀረጸ። ጃፓኖች «የተቀነባበረ ነው» ብለው ተሟግተዋል። በተቃራኒው ፊልሙ እንደ ማስረጃ የሚጠቅሰው «የታናካ ሰነድ»፣ ማለትም ጃፓን ዓለምን ለመቆጣጠር ያወጣችው ዕቅድ የተባለው ጽሑፍ፣ ሐሰተኛ መሆኑን አብዛኞቹ የታሪክ ባለሙያዎች ይስማማሉ።

የካፕራ ፊልም ስለ ቻይና ኮሚኒስቶች ትንፍሽ አይልም። በዚህ ካፕራን አልምረውም። ሆላንዳዊው ፊልም ሠሪ ጆሪስ ኢቨንስ ግን «400 ሚሊዮኑ»ን (1939) ሲሠራ ወደ እነሱ ለመሄድ ፈልጎ ነበር። የወቅቱ የቻይና መሪ የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ከለከለው። እሱም ዝም አላለም፤ የራሱን ካሜራ በድብቅ ለኮሚኒስቶቹ ፊልም ሠሪዎች ሰጣቸው! ካሜራው ዛሬ ቤጂንግ ሙዚየም ውስጥ ነው።

አሁን «ኩካን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ላይ ነኝ። ሬይ ስኮት በጦርነቱ ጊዜ የቻይና ዋና ከተማ የነበረችውን የቾንግቺንግን የ1940 የቦምብ ድብደባ በቀለም ቀርጾታል። በ1942 ልዩ ኦስካር አግኝቶ፣ ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። ሐሳቡንም ገንዘቡንም ያመጣችው ሊ ሊንግ አይ ናት፤ ፊልሙ ላይ የተጻፈላት ግን «የቴክኒክ አማካሪ» የሚል ብቻ ነው። ቀጥዬ የእሷን ታሪክ ልቆፍር አስቤያለሁ። ሙሉውን ፊልም በጥሩ ጥራት ያየ ካለ ጠቁሙኝ።