የድሬ ውሃና የእማማ ሰፌድ

ድሬዳዋ የመጣሁ ሰሞን ማንቆርቆሪያዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለበሰ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያሉት አከራዬ፣ እማማ፣ ሳቁብኝ።

«የድሬ ውሃ ነው ልጄ! ሎሚ ጨምቂበትና አፍዪው።»

እውነትም አረፋ አረፋ እያለ ለቀቀ።

ውሃው ከከርሰ ምድር ሲወጣ ካልሲየም ሟሙቶበት ይመጣል። በጨርቅ ብታጠሉት ወለል ብሎ ያልፋል፤ የሟሟ ነገር መቼ ይጠለላል? ሲፈላ ግን ወደ ኖራ ድንጋይነት ይለወጥና ብረቱ ላይ ይጋገራል። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ ተምሬ ነው ማንቆርቆሪያ ልጥል የነበረው።

እማማ ደግሞ ከሐረር በኩል የሚመጣላቸውን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ቡና ወቅጠው በሰፌድ ያንገዋልላሉ። ገለባው ቀላል ስለሆነ ወደ ጫፍ ይሸሻል፣ ፍሬው ወደ እሳቸው ይሰበሰባል። ገለባውን የሚጥሉት እንዳይመስላችሁ፤ አፍልተው ይጠጡታል። ከቡናው ይልቅ እሱን ወድጄዋለሁ።

ባለፈው እሑድ «እስቲ ልሞክር» ብዬ ሰፌዱን ተቀበልኩ። በሁለተኛው ውርወራ ግማሹ ፍሬ አሸዋው ላይ ተበተነ። እማማ ምንም ሳይሉ ወንፊት አቀበሉኝ።