መሬቱ ረጋ፣ እኔ ግን ገና ነኝ

ከባድ መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ ዛሬም ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ጣሪያው ላይ ወደተንጠለጠለው አምፖል ነው። ከተወዛወዘ ልጄ የት እንዳለ እፈልጋለሁ። በ2017 ያሳለፍነውን ርዕደ መሬት ብዙ ሰው የረሳው ይመስለኛል። ሰውነቴ ግን አልረሳም፤ ስለዚህ ልጻፈው።

መስከረም 26 ቀን 2017 እሁድ ማታ አዲስ አበባ ስትነቃነቅ ግማሾቻችን የራሳችን ማዞር ነበር የመሰለን። ከታህሳስ ወዲህ ግን እንዲህ የሚል ሰው አልቀረም። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል መሬቱ ቀን ከሌት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታህሳስ 26 ሌሊት፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መጠኑ ከ5.5 በላይ የሆነው መጣ። የቁም ሳጥኑ በር ራሱን ከፈተ፣ ድስቶቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ግቢው በሰው ሞልቷል። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን የማናውቅ ጎረቤቶች ተጠጋግተን ቆምን፤ አንዲት እናት ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ፣ ወጣቶቹ ቴሌግራም ላይ ናቸው። ማንም ቶሎ ወደ ቤቱ መመለስ አልፈለገም።

በማግስቱ ልጄ “እግዚአብሔር ተቆጥቶን ነው አሉ” አለኝ። የሰማው ከትልቅ ሰው ነው። ስለ እምነት ከማንም ጋር ክርክር የለኝም፤ ነገር ግን ማታ እንቅልፍ ላጣ ሕፃን እንዲህ ብሎ መንገር ጭካኔ ነው። እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የርዕደ መሬት ተመራማሪዎች በየሚዲያው ሲያስረዱ የሰማሁትን በቀላሉ ነገርኩት፦ ስምጥ ሸለቆው ቀስ እያለ የሚከፈት ቦታ ነው፣ ከስር የቀለጠ ዓለት በስንጥቁ መሃል ሲገባ መሬቱን ይገፋዋል፣ ለዚህ ነው የሚደጋገመው። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና “ስለዚህ ምንም አላጠፋንም ማለት ነው?” አለኝ። ያን ሌሊት ለጥ ብሎ ተኛ። እኔ ያንኑ ሳይንስ እያወቅሁ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

አክስቴ ፈንታሌ ተራራ አጠገብ፣ መተሐራ ናቸው። እዚያ እንደ እኛ አልፎ አልፎ አልነበረም፤ ሰው ቤቱን ትቶ ደጅ ሸራ ወጥሮ ያድር ነበር። ከአዋሽ ፈንታሌና ከአካባቢው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል። “ወደ እኛ ይምጡ” ብላቸው “ፎቅ ላይ? እኛስ ሜዳ ላይ ነን” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለና “ፈራሁ እኮ ልጄ” አሉ። ባላቸውን ቀብረው ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። የእኔ ፍርሃት ከእሳቸው ጋር ሲነጻጸር የቅንጦት ይመስለኝ ስለነበር ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ያን ቀን ግን ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን፤ ደረቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ።

የካቲት 7 ምሽት 6.0 የሆነው ሲመጣ፣ አለፈ ብዬ ስለነበር፣ ከታህሳሱ የባሰ ሰበረኝ። ነርስ ጓደኛዬ ናት የደገፈችኝ። ረግቶ በቆመ መሬት ላይ የሚያወዛውዝ መምሰሉ ከርዕደ መሬት በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ እንጂ የእብደት ምልክት እንዳልሆነ ነገረችኝ። ከመኝታ በፊት ቴሌግራም ተውኩ። ጫማና ባትሪ አልጋው ስር አኖርን። ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝን ከልጄ ጋር ደጋግመን ተለማመድን፤ እጃችን የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ስለተፈናቀሉት ሲወራ የምሰማው ስለ ስንዴና ስለ ድንኳን ነው፤ ይህ መቅደም አለበት። ግን አፋር ውስጥ፣ ሳቡሬ ላይ ቤቱ የተሰነጠቀበት አባት ሌሊት ይተኛ እንደሆነ፣ ልጆቹ ድምፅ ሲሰሙ ይበረግጉ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር እያልኩ አስባለሁ። ለእኔ አንድ ነርስ ጓደኛ ነበረችኝ።

ለፋሲካ መተሐራ እንሄዳለን። ልጄ የፈንታሌን ተራራ ማየት ይፈልጋል፤ አክስቴም “ና፣ አሳይሃለሁ፤ የምታድሩት ግን ቤት ውስጥ ነው” ብለውታል። እኔ ቤት ውስጥ ማደሩን ገና አልቆረጥኩም።