የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች

ዛሬ የመነጽር ማስቀመጫዬ ወጣልኝ። ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ እየደረቀ ነው፤ ብድግ እያልኩ እነካዋለሁ። መርፌ ሳይነካው፣ ክር ሳይገባበት፣ ከበግ ጸጉር፣ ከሙቅ ውሃና ከሳሙና ብቻ እንዲህ ያለ ጠንካራ ነገር መውጣቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

ምስጢሩ ያለው ጸጉሩ ላይ ነው። የበግ ጸጉር ሲዳሰስ ለስላሳ ነው እንጂ ላዩ በተደራረቡ ጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲያገኙት ቅርፊቶቹ ገለጥ ይላሉ። ከዚያ ሲታሽ አንዱ ጸጉር ከሌላው ይጠላለፋል፤ ከተጠላለፈ በኋላ አይፈታም። ጥጥ ይህ ተፈጥሮ የለውም። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ ቅርፊቱ የጠፋለት ሱፍም ቢያሹት ቢያሹት አይያያዝም። ይህን ሳላውቅ የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ አንድ ሙሉ ከሰዓት ደክሜያለሁ።

ሁለተኛውን ያበላሸው ግን ጥድፊያዬ ነው። ገና ከመነሻው ጫን ብዬ ሳሸው ጸጉሩ ተንሸራቶ አንድ ጎን ተከመረ። መሃሉ ሳሳና ተበሳ። ቀለሙ ደማቅ ቀይ ነበር፤ በጣም ወድጄው ስለነበር አዘንኩ።

ዛሬ አልቸኮልኩም። የምፈልገው ርዝመት 18 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከፕላስቲክ የ26 ሳንቲ ሜትር ልክ ቆረጥኩ፤ ሱፉ ሲሶ ያህል ይሰበሰባልና። በልኩ ሁለት ፊት ላይ ጸጉሩን ሳሳ ሳሳ አድርጌ አነጠፍኩ። አንዱን ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ታች፣ አራት ድርብ። ከአንድ ወፍራም ንጣፍ አራት ስስ ይሻላል። ውሃ ረጨሁበት፤ ስስ ጨርቅ አለበስኩትና ሳሙና በነካው መዳፌ ዳበስኩት። መዳበስ ነው፣ ማሸት አይደለም። ልክ የተኛ ሕፃን ጀርባ እንደሚዳበስ። እነዚያ 5 ደቂቃዎች ረጅም ናቸው፤ እጅ ጫን በል ጫን በል ይላል። ሁሉ ነገር የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

ቆይቶ መዳፍ ስር ይታወቃል። ሲንሳፈፍ የነበረው ጸጉር ቆዳ ያወጣል። በሁለት ጣት ቆንጠር ሳደርገው ነጠላ ጸጉር ተለይቶ ካልመጣ ይዟል ማለት ነው። ጉልበት የሚፈለገው ያኔ ነው። በፎጣ ጠቅልዬ አንከባለልኩት፤ በተንከባለለበት በኩል ስለሚያጥር አቅጣጫውን እየቀያየርኩ። አፉን በመቀስ ከፍቼ ፕላስቲኩን አወጣሁ። ሳሙናው እስኪለቅ አጠብኩትና ጥቂት ኮምጣጤ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ የሳሙና ርዝራዥ ጸጉሩን እንዳይጎዳው።

ስለካው 18 ተኩል ሆነ። መነጽሬ ልክክ ብሎ ገባ።

የተበሳውን ቀዩን አልጣልኩትም። ጠንከር ያለው ጎኑ በመቀስ ሲቆረጥ ጫፉ አይተረተርም። ሁለት ትንንሽ አበባ ወጣው። አንዱን ነገ፣ ማስቀመጫው ሲደርቅ፣ ክዳኑ ላይ እሰፋዋለሁ።