ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንድ ለምን ያብጣል? ሜትር ይዤ የተማርኩት

ክንድ የሚለካው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። እኔ መጀመሪያ አካባቢ አብጦ ሲመጣ ብቻ እለካ ነበር፤ ማነጻጸሪያዬም ሌላው ክንድ ነበር። በቀኟ የምትሠራ ሴት ግን ቀኝ ክንዷ ድሮም ትንሽ ይወፍራል፤ ልዩነቱ የተፈጥሮ ይሁን የሊምፎዲማ (የሊምፍ ፈሳሽ ተጠራቅሞ የሚያመጣው እብጠት) በዚህ አይለይም።

አሁን የማይሳብ የልብስ ሰፊ ሜትር እይዛለሁ። ታካሚዋ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፤ ከእጅ አንጓዋ ጀምሬ እስከ ብብቷ አጠገብ በየ4 ሴንቲ ሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ፣ በሁለቱም ክንድ። ሜትሩ ቆዳውን ይነካል እንጂ አይጫነውም። ለእያንዳንዱ ክፍል የታችኛውን ዙሪያ በራሱ፣ የላይኛውን በራሱ፣ ሁለቱን ደግሞ እርስ በርስ አባዝቼ እደምርና በ4 አባዝቼ ለ37.7 አካፍላለሁ። 24 እና 26 ከሆኑ 199 ሚሊ ሊትር ይወጣል። በላላ ሜትር 25 እና 27 ብዬ ካነበብኩ 215 ይሆናል። አሥር ክፍል ላይ እንዲህ ስሳሳት 160 ሚሊ ሊትር ከምንም ይፈጠራል፤ ብዙዎች ሊምፎዲማ የሚሉት ደግሞ ልዩነቱ 200 ሲደርስ ነው። ስለዚህ በየቀጠሮው ያው ሰው ይለካ።

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ብብት ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። በ2013 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው፣ መጀመሪያ የሊምፍ ፈሳሹን የሚቀበሉት ጥቂት የብብት እጢዎች ብቻ ከወጡላቸው 100 ሴቶች ወደ 6 ያህሉ፣ የብብታቸው እጢዎች በብዛት ከወጡላቸው ግን ወደ 20 ያህሉ ክንዳቸው ያብጥባቸዋል። በዚያ ላይ ብብትና አንገት ሥር ጨረር ሲጨመር የቀሩት የሊምፍ መንገዶች ይጠባሉ። እነዚህን ካርዱ ላይ በጉልህ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ታካሚዋ አትለውጣቸውም።

የምትለውጠው ክብደቷን ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት 77 ኪሎ ስትደርስ ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ትገባለች። ሌላው የቆዳ ኢንፌክሽን ነው፦ ምጣድ ያቃጠላት፣ ቢላ የቆረጣት እጅ ወዲያው በውኃና በሳሙና ይታጠብ። ክንዱ ቀልቶ ከሞቀና ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ፤ ማደር የለም።

ብዙዎች የሚፈሩት በታከመው ወገን ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያንና መርፌን ነው። በ2016 የወጣ ጥናት ግን ከእብጠት ጋር ግንኙነት አላገኘባቸውም፤ ያገኘው ከክብደትና ከኢንፌክሽን ጋር ነው። ሌላ ክንድ ካለ እሱን መጠቀም አይጎዳም፣ ጭንቀቱ ግን ከልክ አልፏል። እጅን አቅፎ መቀመጥም እንዲሁ። የሚያነሱትን ሸክም ከግማሽ ኪሎ ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ይቻላል፤ ከወራት ዕረፍት በኋላ በአንዴ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወጌሻ ጋ ሄዶ በኃይል መታሸትን አልመክርም። ትክክለኛው የሊምፍ መታሸት ቆዳን ብቻ በስሱ የሚገፋ ነው፤ የሚያም ከሆነ በዝቷል።