አሥራ አንደኛዋ ስንደዶ፦ በቡታጅራ መንገድ የሞዴል ትምህርት ቤት ጉብኝት

ከዓለም ገና ወደ ደቡብ የሚታጠፈው አስፋልት መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ይሻገርና የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፎ፣ በቡኢና በኬላ አድርጎ ቡታጅራ ይገባል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎብኚ ጢያ ላይ ይወርዳል። የእኔ መንገድ ግን እስከ አንድ የጉድኝት ማዕከልና በሥሩ ካሉት ሳተላይት ትምህርት ቤቶች እስከ ሁለቱ ነበር። በስም አልጠራቸውም፤ የማነሳው ችግር የእነሱ ብቻ አይደለም።

ጉድኝት ማለት ተቀራርበው ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በአንድ ሱፐርቫይዘር ሥር የሚተሳሰሩበት አደረጃጀት ነው። የተሻለ ግብዓት ያለው ማዕከል ይሆናል፣ የቀሩት ሳተላይት ይባላሉ። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ አዲስ የማስተማር ዘዴ፣ አዲስ ምዘና ሲመጣ መጀመሪያ ማዕከሉ ይሞክረዋል፣ ከዚያ ወደ ሳተላይቶቹ ይወርዳል ነው ሐሳቡ። ችግሩ «ይወርዳል» የሚለው ቃል ላይ ነው። ገፊ ሳይፈልግ የሚወርደው ውሃ ብቻ ነው።

የሚወርደው ነገር ደግሞ ትንሽ አይደለም። ከ1986ቱ ፖሊሲ ጀምሮ የነበረው 8-2-2 መዋቅር ወደ 6-2-4 ተቀይሯል፦ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። ግብረገብና የክወናና እይታ ጥበብ ታች ክፍሎች ላይ ገብተዋል፤ 7ኛና 8ኛ ላይ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ተጨምረዋል። ለምን እንዳስፈለገ ቁጥሩ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ጥናት ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነበሩ። መነጋገሪያ የሚሆነው ሁልጊዜ 12ኛው ነው። እኔ 2ኛ ክፍል ለመግባት ጠየቅሁ።

ማዕከሉ በር ላይ «ሞዴል ትምህርት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ለእንግዳ መጀመሪያ የሚከፈተው የኮምፒውተር ክፍሉ ነው፣ ቀጥሎ ቤተ መጻሕፍቱ። ብዙ አልቆየሁባቸውም፤ ሳተላይቱ ሊገዛው ከማይችለው ነገር ሳተላይቱ የሚማረው የለም። ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤትን በ26 ስታንዳርድ ሲመዝን ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል። ከ50 በታች ደረጃ 1 ነው፣ ደረጃ 3 ለመባል 70 መድረስ አለበት። እኛ እንግዶች ግን አንድ ግቢ ገብተን ስንወጣ አይተን የምንወጣው 25ቱን ነው።

የ2ኛ ክፍል ሒሳብ። ልጆቹ 58፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። አሥሩ ቡድን አምስት አምስት፣ ሁለቱ አራት አራት ልጅ ሆነው በ12 ቡድን ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ፌስታል ደረሰው፤ ውስጡ 30 የስንደዶ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ የመሐል ጣት የሚያክል፣ እና ሦስት የቃጫ ቀለበት። ባጠቃላይ 360 ቁራጭ። ስንደዶው ሰፌድ ከሚሰፉ እናቶች የተረፈ ነው፤ ቃጫ ደግሞ እንሰት ባለበት አገር አይገዛም።

ብልሃቱ ቀለበቱ ላይ ነው። አሥር ቁራጭ ጥብቅ ብሎ እንዲገባበት ተለክቶ ተቋጥሯል። ዘጠኝ ከሆነ ላልቶ ይረግፋል። አሥራ አንደኛው አይገባም። ስለዚህ መምህርቷ 12 ቡድን እየዞሩ አይቆጥሩም፤ ቀለበቱ ይቆጥርላቸዋል። ጥያቄው 17 ሲደመር 8 ነበር። አንድ እስርና ሰባት ነጠላ ተደረደረ፣ ስምንት ነጠላ ተጨመረበት፣ ነጠላው 15 ሆነ። «አሥር ከሞላ ቤቱን ስጡት» አሉ መምህርቷ። ከጥግ ያለው ቡድን ተንጫጫ፦ «ቲቸር! አንዷ እምቢ አለች!» አሥራ አንድ ይዘው ሲታገሉ ነበር። አንዷን አወጡ፤ ሁለት እስር፣ አምስት ነጠላ። ከዚያ 23 ሲቀነስ 7 ተሰጠ። ሦስት ነጠላ ብቻ ነው ያለው፤ ሰባት ለመውሰድ አንዱ እስር መፈታት አለበት። ሰሌዳ ላይ «መበደር» የምንለው ነገር ይኸው ነው፤ እዚህ ልጁ ቀለበቱን በራሱ እጅ ያወልቃል።

የዝግጅቱን ዝርዝር ጠየቅኋቸው። ስንደዶው በውፍረት ይለያል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ከተደባለቀ ቀለበቱ አሥር ላይ አይጠብቅም። አንድ ፌስታል ውስጥ አንድ ዓይነት ውፍረት ብቻ ይገባል፣ ቀለበቱም በዚያው ፌስታል ስንደዶ ይለካል፤ ለዚህ ነው ፌስታሉም ቀለበቱም ተመሳሳይ የቀለም ምልክት ያለባቸው። እስሩ ቀድሞ ታስሮ አይመጣም፤ ታስሮ ከመጣ ልጁ አሥር የሚባል ዕቃ እንጂ አሥር ነጠላ አያይም። ቁራጩን አንድ በአንድ ያድሉ በነበረ ጊዜ ዘጠኝ ደቂቃ ይበላባቸው ነበር፣ አሁን በፌስታል ሁለት ደቂቃ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ የቡድን መሪው 30 ቆጥሮ ያስረክባል።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ አንደኛው ሳተላይት ሄድን። እዚህም 2ኛ ክፍል፣ እዚህም ፌስታል። ከሩቅ ሲታይ ያው ነው። ፌስታሉ ውስጥ ግን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነበር፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም፤ ማሰሪያው የገንዘብ ላስቲክ። ላስቲክ ደግሞ ስምንቱንም አሥራ ሦስቱንም እኩል ያቅፋል። አንዱን እስር አንስቼ ብቆጥር 12 ሆነ፤ የቡድኑ ልጆች «አንድ አሥር» ብለው ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል። መልሱ ስላልመጣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ተመልሰው 17ንና 8ን አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው ደመሩ፤ ጭራሮው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። «ይሄ ነገር ጊዜ ይፈጃል» አሉኝ። እሳቸው እንደሚሠሩት ከሆነ እውነታቸውን ነው።

ጥፋቱ የመምህሩ አይደለም። ተሞክሮው የተላለፈበትን መንገድ ጠይቄ ነበር። ቅዳሜ ቀን ማዕከሉ ላይ ናሙና ትምህርት ተሰጥቷል፤ ተማሪ ሆነው የተቀመጡት ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ተወካዮች ነበሩ። ትልቅ ሰው አሥር ለመቁጠር ቀለበት አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ቀለበቱ ምን እንደሚሠራ ያየ ሰው አልነበረም። ፎቶ ተነሳ፣ ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን በቴሌግራም ለመምህሩ ላኩ። ሪፖርቱ ላይ «ምርጥ ተሞክሮ ተቀምሮ ሰፍቷል» ተብሏል። ቅመራ ሲባል እኔ የሚታየኝ በርበሬ ነው፤ እዚህ አገር በርበሬ የሚያዘጋጁ ሴቶች መጠኑን ለልጃቸው በፎቶ አይልኩም።

ሁለተኛው ሳተላይት ከዚህ የባሰ ድሃ ነው። ክፍሎቹ ጭቃ ናቸው፣ ትምህርቱ በፈረቃ ነው፣ ከአንዳንዱ የትምህርት ዓይነት መጽሐፍ የደረሰው ለመምህሩ ብቻ ነው፤ የሌላው ፒዲኤፍ በስልክ ይነበባል። የክወናና እይታ ጥበብ የደረሳት መምህርት ክፍለ ጊዜ ለማሟላት የተሰጣት እንጂ የሠለጠነችበት አይደለም። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ያለ ኮምፒውተር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ «ማውዝ» ምን እንደሆነ ልጆቹ በሥዕል ያውቃሉ። የስንደዶው ትምህርት ግን እንደ ማዕከሉ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ነገር ተሻሽሎበታል። ፌስታል ቶሎ ስለሚቀደድ የ2ኛ ክፍሏ መምህርት አንገታቸው የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙሶች አድርጋበታለች፤ 30 ቁራጭ በቁሙ ስለሚገባበት የጎደለው ከላይ ይታያል።

ልዩነቱ ፈረቃው ነው። የእሷ ክፍል ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሁለት ቀን ማዕከሉ ሄዳ፣ እውነተኛዎቹ 58 ልጆች ባሉበት፣ አንዱን ቡድን ይዛ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ቀን ስትረዳ ዋለች፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜውን ራሷ ሰጠች። ከዚያ ስንደዶውን እዚያው ለይታ፣ ቀለበቱን እዚያው ለክታ ቋጥራ ሄደች። ወጪው የመጓጓዣ ብቻ ነው፣ አበል አልተጠየቀበትም። መምህር በዓመት ሊያሟላ ከሚጠበቅበት 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ጊዜ ላይም ተመዝግቦላታል፤ ይህ ካልተደረገ ሁለተኛ የሚሄድ ሰው አይገኝም።

በተመሳሳይ ፈረቃ የሚያስተምሩ ሁለት ትምህርት ቤቶች እንዲህ ማድረግ ይከብዳቸዋል። እንደ አንደኛው ሳተላይት ሙሉ ቀን የሚያስተምር ከሆነ የሚሄደው መምህር ክፍል ባዶ ይቀራል። ያየሁት መላ ሁለት የ2ኛ ክፍል ሴክሽኖችን በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሜዳ ላይ ማቀናጀት ነው፤ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ግን አይሠራም። ሌላው ሥጋት ዝውውር ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ብቻ ከሠለጠነ ክረምት ሲገባ ትምህርቱም አብሮ ይዛወራል፤ ሁለት መላክ የግድ ነው። ማዕከሉም ቢሆን እንግዳ በሚመጣበት ቀን ልጆቹን ወደ 40 ቀንሶ ትናንት የተማሩትን ማስደገም የለበትም። ሳተላይቱ ውስጥ 40 ልጅ ያለው ክፍል የለም።

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሩን ማዕከሉ በር ላይ አገኘኋቸው፣ ሞተራቸው ላይ ዕቃ ሲጭኑ። ለአንደኛው ሳተላይት በውፍረት የተለየ 360 የስንደዶ ቁራጭ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ከጎኑ አንድ ጥቅል ቃጫ። የተቋጠሩት ቀለበቶች የት አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አልልክም» አሉ። «ይለኩዋ!»